ጋቢ ኳስና የዕድሩ ጡሩምባ

ጭንቀት እንደ መሬት የሚወረስ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ባለ ርስት ነበርኩ። እናቴ ደውላልኝ ካላነሳሁ ቀጥላ የምትደውለው ለሆስፒታል ነው። አባቴ በሩን ቆልፎ ከወጣ በኋላ መቆለፉን ለማረጋገጥ ተመልሶ ይከፍተዋል። እኔ የሁለቱንም አንድ ላይ ወስጄ፣ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለሚያስጨንቀኝ ሌላ ሰው በሚወርድበት እወርዳለሁ። ሀይሌ ጋርመንት መውረድ ሲገባኝ የት የት ወርጄ በእግሬ እንደተመለስኩ እኔና ጫማዬ እናውቃለን።

ይህን የማወራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። እንዲህ ላለ ሰው ጡሩምባ በእጁ መግባት እንደሌለበት ከአሁኑ እንድትስማሙልኝ ነው።

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ገጣሚ ነኝ» እላለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «እሺ፣ ሥራህስ?» የሚል ነው። ሥራዬ እንግዲህ ከጎፋ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ ባለች አንዲት የመዝናኛ ማዕከል ውስጥ ረዳት ነው። ማዕከል ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ቢሮ፣ አንድ ሜዳና የማዕከሉ ኃላፊ ጋሽ አስናቀ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ትርጉም የላቸውም።

የቀጠሩኝ በግጥም ነው። አንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ ማዕከሉ ውስጥ ግጥም ላነብ ተፈቀደልኝ። ታዳሚዎቹ ጋሽ አስናቀና ዝናብ የተጠለሉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ዝናቡ ሲያባራ ጋሽ አስናቀ ብቻ ቀሩ። ጨርሼ ስወርድ ጠሩኝ።

«ግጥምህ አልገባኝም» አሉኝ። «ግን ማንም ሳይሰማህ እስከ መጨረሻው ማንበብህን ወደድኩት። እኔም እንዲሁ ነኝ። ሰኞ ና።»

እንዲሁ መሆናቸውን ሰኞ ገባኝ። ጋሽ አስናቀ የድሮ የስፖርት መምህር ናቸው፤ የሚያበግናቸው ደግሞ እግር ኳስ ነው። «ጥቂቱ ይሮጣል፣ ሰፈሩ በሙሉ ተቀምጦ ይሳደባል። ይሄ ስፖርት ነው?» ይላሉ። ስለዚህ የተቀመጠውን ሕዝብ የሚያስነሳ ጨዋታ መፍጠር ጀመሩ። የፈጠሩትን ሁሉ ብዘረዝር ታዝኑባቸዋላችሁ፤ ጥቂቱን ላንሳ።

አንደኛው ሦስት ጎል ነው። ሦስት ቡድን፣ ሦስት ጎል፣ አንድ ኳስ። ሲያወሩት ያምር ነበር። ጨዋታው እንደተጀመረ ግን ሁለቱ ቡድኖች ተስማምተው ሦስተኛውን መደብደብ ያዙ። ከእረፍት በኋላ የተደበደበው ከአንደኛው ጋር ታርቆ ሌላኛውን አጠቃ። መጨረሻ ላይ ማን ከማን ጋር እንደሆነ ስላልታወቀ ለሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌዎቹም ሦስት ቦታ ተከፈሉ።

ቀጥሎ ሰልፍ ኳስ መጣ። ይህችን ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ሲጠብቁ ነው ያሰቧት። ተጫዋቾቹ ይሰለፋሉ፤ ኳሷ በራስ በራስ ላይ ከፊት ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ መጨረሻ ላይ ያለው ተቀብሎ ወደ ፊት ይሮጣል። የመጀመሪያው ልጅ ወደ ፊት መሮጥ ሲጀምር የራሱ ቡድን ጃኬቱን ይዞ አስቀረው። «ወዴት ነው የምትሄደው? እኛ ዛፍ ነን እንዴ የቆምነው?» ልጁ ሕጉ እንደሆነ ቢያስረዳም የሚሰማው አልተገኘም። የዓመታት ቁጭት በአንድ ፊሽካ አይጠፋም።

ዝምታ ኳስ የምትባልም ነበረች። ቃል የተነፈሰ ነጥብ ይቀነስበታል። እሷ ደግሞ ዳኛው «ዝም በሉ!» ብለው በራሳቸው ሕግ ከሜዳ በመውጣታቸው አበቃች። ዳኛው ጋሽ አስናቀ ነበሩ።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ጠባሳ ትታ ያለፈችው ሦስት ጎል ናት። ከጎሎቹ አንደኛው ጀርባ የእትዬ ብርቄ ግቢ ነው። እትዬ ብርቄ የሴቶች ዕድር ሰብሳቢና ጉሊት ቸርቻሪ ናቸው፤ በሁለቱም ሥራቸው ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። የማዕከሉ አንዲት ደህና ኳስ ከጎሉ በላይ አልፋ ለፀሐይ የተሰጣ በርበሬያቸው መሀል አረፈች። ቀይ ደመና ተነሣ። ግቢው በሙሉ ያነጥስ ጀመር፤ ውሻው ሳይቀር። ኳሷን ልለምን የተላክሁት እኔ ነበርኩ።

«ኳሷን ከፈለጋችሁ በርበሬዬን ፍሬ በፍሬ ለቅማችሁ አምጡ!» አሉኝ። «ለዚያ ለአለቃህም ንገረው፤ ሽበቱን አያፍርም? ዕድሜ ልኩን ኳስ ሲያባርር የሚኖር ሰው ቀባሪም አያገኝ!»

ኳሷ በዚያው ታሰረች። ከዚያ ወዲህ ጋሽ አስናቀና እትዬ ብርቄ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዳቸው ወደ ሰማይ፣ አንዳቸው ወደ መሬት ያያሉ።

ነገሩ የከፋው «ከላይ» መልእክት ሲመጣ ነው። ከላይ የሚባለው ቦታ የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከዚያ መልካም ነገር ሲወርድ ስላላየሁ ሰማይ እንዳልሆነ ብቻ እርግጠኛ ነኝ። መልእክቱ ሜዳዋ መኪና ማቆሚያ ልትሆን ነው የሚል ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንድ ኃላፊ መጥተው ያያሉ። ሰው የሚጠቀምባት ከሆነ ትቆያለች፤ ባዶ ካገኟት አስፋልት ይፈስባታል።

ጋሽ አስናቀ ይህን ሲሰሙ አልጮሁም። ሜዳውን ዳር ዳሩን እየዞሩ የኖራውን መስመር በጫማቸው ጫፍ አስተካከሉ። ከዚያ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ይቺ ሜዳ ከሄደች እኔ ጡረታ አልወጣም» አሉኝ። «እጠፋለሁ እንጂ።»

እኔ በበኩሌ በዚያች ሰዓት ምሳዬ ሆዴ ውስጥ ድንጋይ ሆነ።

ለቅዳሜ የተዘጋጀችው ጨዋታ የመጨረሻዋ ፈጠራቸው፣ ጋቢ ኳስ ነበረች። አራት ሰው የአንድ ጋቢ አራት ማዕዘን ይይዛል። ኳሷ ጋቢው ላይ ትቀመጣለች። አራቱ እኩል ሲያነሱ ተወርውራ መሀል የተወጠረውን ገመድ ትሻገርና ተጋጣሚ በጋቢው ይቀበላታል። «ስፖርት ጫማ የሌለው ቤት ሞልቷል» አሉ ጋሽ አስናቀ፤ «ጋቢ የሌለው ቤት ግን አሳዩኝ!» ሐሳቡ እውነት ነው። ችግሩ የሰፈሩ ልጆች ነበሩ። አንዱ ቀድሞ ያነሳል፣ አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ ወደ ራሱ ይጎትታል። ደግሞ ደህናዋ ኳስ እትዬ ብርቄ ቤት ስለታሰረች የምንጫወተው በጨርቅ ኳስ ነው፤ እሷ አትነጥርም፤ ጋቢው ላይ እንደ ሕፃን ትተኛለች።

ቅዳሜ ደረሰ። ለኃላፊው ጥላ እንዲሆን ከዕድር ድንኳንና ወንበር ተዋስን። ድንኳኑን በጠዋት አምጥተው የተከሉልን ጋሽ ጉደታ ናቸው። ጋሽ ጉደታ አያታቸው ይህችኑ ሜዳ በበሬ ያረሱ፣ ራሳቸው ዛሬም ሁለት ላም ያላቸው፣ ከሰዓት በኋላ ጥበቃ የሚሠሩ፣ ከሁሉ በላይ ግን የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ሌላው ሰፈር በስልክ ነው የሚላላከው። የእኛም ዕድር ቴሌግራም ከፍቶ ሞክሮ ነበር፤ ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎ አልጋው ላይ መቅረት ሲለምድ ወደ ጡሩምባው ተመለሰ። ጡሩምባውን አልሰማሁም ማለት አይቻልም። ሰምቶ የቀረ ደግሞ በስብሰባ ፊት ይቆማል፤ እትዬ ብርቄ ፊት ከመቆም ሞቶ የተለቀሰለት መሆን ይሻላል።

ጋሽ ጉደታ ድንኳኑን ተክለው ላሞቻቸውን ሊያዩ ሄዱ። ጋሽ አስናቀ ደግሞ «እንግዳውን ከዋናው መንገድ ተቀብዬ ልምጣ» አሉ። ኮታቸውንና ባርኔጣቸውን አውልቀው የፊተኛው ወንበር ላይ አኖሩ። «የስፖርት ሰው በቱታ ነው የሚቀርበው። አንተ ሰውን በድምፅ ማጉያ ጥራ፤ እኔ ስመለስ ሜዳው ሞልቶ ልየው።»

እንደሄዱ መብራት ጠፋ።

ድምፅ ማጉያው በእጄ ላይ ሞተ። ወንበሮቹ ተደርድረው፣ ጋቢዎቹ ወንበር ላይ ተጣጥፈው፣ ሜዳው ላይ ያለነው እኔና አንዲት ቁራ ብቻ ነበርን። ብርድ ስለነበር አንዱን ጋቢ ለበስኩ። ከዚያ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሄጄ በባዶ ድምፄ «ኑ! ውጡ!» አልኩ። ድምፄ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሳይደርስ ወደቀ። አንዲት ሴትዮ በረንዳ ላይ ብቅ አሉና «ቆራሌው ነህ? ዛሬ ምንም የለንም!» ብለው ገቡ።

ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ። አስፋልቱ ሲፈስ ይታየኛል። ጋሽ አስናቀ በአስፋልቱ መሀል፣ ሁለት መኪና መካከል ቆመው የኖራ መስመር ሲፈልጉ ይታዩኛል። ያን ጊዜ ነው ዓይኔ ጋሽ ጉደታ ትተውት በሄዱት የድንኳኑ ከረጢት ውስጥ የገባው። ከገመድና ከካስማ ሥር የጡሩምባው አፍ ያበራል።

ብልህ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያስባል። እኔም አሰብኩ፤ ችግሩ እሱ ነው። ያሰብኩት «ይህችን ሲሰማ ቤቱ የሚቀር የለም» ብቻ ነበር። ለምን እንደማይቀር ማሰቡን ለሌላ ቀን አስተላለፍኩት።

የመጀመሪያው ድምፅ ማዕድ ላይ የማይነሣ ዓይነት ነበር። ቁራዋ እንኳ አፍራልኝ ተነሥታ ሄደች። ጋሽ ጉደታ አንድ ጊዜ «ከጉንጭ ሳይሆን ከሆድ ነው» ሲሉ መስማቴ ትዝ አለኝ። ሆዴ ውስጥ ደግሞ ያለው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የእናቴ ስልክ፣ የአባቴ ቁልፍ፣ ያላልኳቸው «ወራጅ አለ»ዎች፣ የሚፈሰው አስፋልት፣ ሁሉም ተሰልፈው በዚያች ቀዳዳ ወጡ። ረጅም፣ የሚንቀጠቀጥ፣ አጥንት የሚበላ ድምፅ ሆነ። ላቆም ብል እምቢ አለኝ። በሕይወቴ የሠራሁት ከሁሉ የሚያምረው ነገር እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ስጨርስ ሰፈሩ ጸጥ አለ። ማዶ ሲያጓራ የነበረው የሲሚንቶ ማደባለቂያ ሳይቀር ቆመ። ከአራተኛ ፎቅ አንድ «ወይኔ!» ተሰማ። ከዚያ በሮች መከፈት ጀመሩ።

ሰው ሲመጣ ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው የነጠላዎቹን አለባበስ እስካይ ድረስ ነው። ነጠላ ዘቅዝቀው፣ ጋቢ ደርበው፣ እያለከለኩ ከደረጃው፣ ከአጥሩ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ይጎርፋሉ። የሚያዩት ደግሞ ግልጽ ነው፦ ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ አንድ ጋቢ የለበሰ ልጅ ጡሩምባ ይዞ ቆሟል።

«ማን ነው? ማን ነው?» ይባባላሉ እያለቀሱ። እኛ ዘንድ ለቅሶ ይቀድማል፤ ስም ይከተላል።

«ኧረ ማንም አልሞተም!» አልኩ። ከንፈሬ ከጡሩምባው አብጦ ስለነበር የወጣው ግማሹ ነው። እትዬ ብርቄ ከፊት ደርሰው በሁለት እጃቸው ፊቴን ያዙኝ።

«አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ! እኔም አባቴ ያረፉ ዕለት እንዲሁ ነበር ያልኩት።»

«የምሬን ነው፣ እትዬ! የሞተ የለም!»

«አላመነም፣ ተቃጠለ ልጁ! ውኃ ስጡት!»

ከዚያ ዓይናቸው የፊተኛው ወንበር ላይ አረፈ። የጋሽ አስናቀ ኮት፣ በላዩ ባርኔጣቸው። እትዬ ብርቄ እጃቸው ከፊቴ ላይ ወደቀ። ሜዳው የማን፣ ኮቱ የማን፣ ልጁ የማን ረዳት እንደሆነ አገጣጠሙት።

«አስናቀ!» አሉ። «አስናቀዬ!»

ድንኳኑ ፈነዳ።

እኔ ሰማይ ተደፋብኝ። ያለኝ አንድ መፍትሔ ነበር፤ ሰውዬው ራሳቸው በስልክ ይናገሩ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። የጋሽ አስናቀ ስልክ ጥሪው የፊሽካ ድምፅ ነው፤ ራሳቸው ነፍተው የቀረጹት። ፊሽካው ከኮቱ ኪስ ውስጥ ተነፋ።

«ፊሽካው! ፊሽካው!» ብለው ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ልዘጋው ስል ጣቴ ስቶ መልሶ ደወለ። ሁለተኛው ፊሽካ ደህና የነበሩትንም ጨረሳቸው።

በዚህ መሀል ጋሽ ጉደታ ቦት ጫማቸውን እንዳጠለቁ እየሮጡ ደረሱ። ፊታቸው ላይ ሐዘንም ቁጣም አለ። «እኔ ሳልነፋ ማን ነው የሞተው?» አሉ። «በዚህ ሰፈር እኮ ሰው ያለ እኔ አይሞትም!» ጆሯቸው ላይ አንድ ሰው ስሙን ነገራቸው። ቁጣው ወረደ። ኋላ ሄደው ቁጭ አሉና በጋቢያቸው ተሸፈኑ።

እትዬ ብርቄ ቤታቸው ሄደው ተመለሱ። በነጠላቸው ሥር የሆነ ነገር አቅፈዋል። ኮቱ ፊት ተንበርክከው አወጡት። ኳሷ ነበረች። ታጥባለች፣ ተነፍታለች።

«ይኸው አመጣሁልህ!» አሉ። «በርበሬ የምድር ነገር ነው፤ እንዲያውም ውርጭ መትቶት ነበር! አንዲት ቃል ብትለኝ እሰጥህ ነበር። ቀባሪ አይኑርህ ያልኩት አፌ ይቆረጥ! ይኸው ቀባሪህ ሜዳ ሙሉ!»

ኋላ ከተደረደሩት ሽማግሌዎች አንዱ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ ልጅ ገጣሚ አይደል? በል እንጂ፣ እንደ አባትህ አይደሉም? አንድ ነገር በል!»

እዚህ ላይ ለራሴ አልራራም። አልችልም ማለት ነበረብኝ። ግን አስቡት፤ ዝናብ ሲያባራ የሚበተን ታዳሚ የለመደ ሰው ነኝ። አሁን ሰፈሩ በሙሉ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ እንባውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ጭንቀቴ «ተው!» ይላል፤ ግጥሜ «እንዲህ ያለ ሕዝብ መቼ ታገኛለህ?» ይላል። ወንበር ላይ ወጣሁ።

«ኳስ ይዞ ሲጠራን፣ አንድም ሰው ሳይመጣ፣
ዛሬ ሜዳው ሞላ፣ ባለሜዳው ታጣ።»

እንዲህ ዓይነት ጩኸት ከዚያ በፊት በግጥሜ ተነሥቶ አያውቅም። ሦስተኛውን ስንኝ ፍለጋ ቀና ስል፣ በድንኳኑ መግቢያ ሁለት ሰዎች ጎንበስ ብለው ሲገቡ አየሁ። አንደኛው ኮት የለበሱ ጎልማሳ ናቸው። ሁለተኛው ሰማያዊ ቱታ ለብሰዋል።

ጋሽ አስናቀ ናቸው።

ለቅሶ ድንኳን የሚገባ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ አይገባም። አንገቱን ደፍቶ፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ለማን እንደሚያለቅስ ቀስ ብሎ ይገለጥለታል። ጋሽ አስናቀ ጨዋ ሰው ናቸው። በሌሉበት ሰፈሩ ላይ ሞት የወደቀ መሰላቸው። ወንበር ላይ ካለው ጋቢ አንዱን አንስተው ተከናነቡና ጋሽ ጉደታ አጠገብ ተቀምጠው ማልቀስ ጀመሩ። ኃላፊውም እንግዳ ቢሆኑ ሰው ናቸውና መሐረባቸውን አወጡ። እኔ ወንበሩ ላይ አፌን ከፍቼ ደረቅሁ። ሕዝቡ ሐዘን ያነቀኝ መስሎት የባሰ አለቀሰ።

ጥቂት ካለቀሱ በኋላ ጋሽ አስናቀ ወደ ጎን ዘንበል ሲሉ አየሁ። የተባባሉትን ኋላ ጋሽ ጉደታ እየማሉ ነው የነገሩኝ።

«ማን ናቸው ያረፉት?»

«አስናቀ ነዋ» አሉ ጋሽ ጉደታ ፊታቸውን ከጋቢው ሳያወጡ።

«ውይ! የትኛው አስናቀ?»

«የኳሱ።»

ጋሽ አስናቀ ይበልጥ ጠጋ አሉ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ «መቼ?» ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ጉደታ ያን ድምፅ ያውቁታል። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው አዩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ መናገር አልችልም፤ ወንበሮች ወደቁ፣ ግማሹ ወደ ውጭ ሮጠ፣ ግማሹ አማተበ፣ እትዬ ብርቄ ብድግ ብለው ጋሽ አስናቀን ትከሻቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ ጆሯቸውን ዳሰሱ። መኖራቸውን ካረጋገጡ በኋላ ድምፃቸው ተመለሰ።

«እንዲያ ከሆነ ኳሴን መልሱ!»

ቀጥሎ አንድ ድምፅ «ጡሩምባውን የነፋው ማን ነው?» አለ። ሁሉም ያበጠ ከንፈሬን አየ።

መሬት ብትከፈት ወርጄ ከውስጥ እዘጋት ነበር። አንዱ «ከዕድር ይባረር» ይላል፣ አንዱ «አባል መቼ ሆነና» ይላል። ኃላፊው መሐረባቸውን እንደያዙ ቆመው ያያሉ። ጋሽ አስናቀን አየኋቸው። እሳቸው የሚያዩት እኔን አልነበረም፤ ሜዳውን ነው። ሰው ሞልቶት አይተውት አያውቁም። አሁን ደግሞ ሊበተን ነው፤ አንዳንዱ ነጠላውን እያስተካከለ ወደ ቤቱ ዞሯል። ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ከቁጣ የከፋ ነበር።

ያን ጊዜ ጋሽ ጉደታ እጃቸውን አነሱ።

«ማንም አይሄድም!» አሉ። «ጡሩምባ ተነፍቶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ እንባ ፈሶ ሬሳ ካልተገኘ ሟርት ነው። ባዶ ድንኳን ሰው ይጠራል። አያቴ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ሲሆን እዚያው ላይ ተስቆ ነው የሚፈታው።»

አያታቸው እንዲህ ማለታቸውን እጠራጠራለሁ። የጋሽ አስናቀ የቅርብ ወዳጅ ናቸውና ሕግ እዚያው ቆሞ መፍጠር ሳይለምዱ አልቀሩም። ግን ከሟርት ጋር የሚከራከር ማን አለ? የሄዱት ተመለሱ።

«እንዴት ነው የሚሳቀው?» አሉ አንድ ሽማግሌ ተጨንቀው።

ጋሽ ጉደታ ከትከሻቸው ላይ ጋቢያቸውን አውርደው ዘረጉ። «ማዕዘን ያዙ» አሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ጋሽ አስናቀም አላሰቡትም። ልጆቹ ወር ሙሉ ተለማምደው ያልቻሉትን የዕድር ሰዎች በአንድ ጊዜ ቻሉት። ለምን ብትሉ፣ እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ድንኳን በአራት ማዕዘን ያነሱ፣ ትልልቅ ድስት በጋራ ያወረዱ፣ ጎረቤቶቻቸውን በትከሻቸው የሸኙ ናቸው። ማን ቀድሞ እንደሚያነሳ፣ ማን ቁመቱ አጭር ስለሆነ ዝቅ እንደሚባልለት ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!» አሉ። የእትዬ ብርቄ ኳስ ከድንኳኑ በላይ ወጣች። ሴቶቹ ከገመዱ ማዶ በነጭ ጋቢ ተቀበሏት። ከዚያ እትዬ ብርቄ እልል አሉ።

ከወንዶቹ አንዱ ወገባቸውን ሲያማቸው ኃላፊው ማዕዘኑን ተቀበሉ። «አንተ ባለ ኮቱ፣ አትጎትት! ከሰው ጋር አንሳ!» ብለው እትዬ ብርቄ ጮሁባቸው። ኮታቸውን አወለቁና ከሰው ጋር አነሱ። ዓይኑ ላይ እንባ ያልደረቀ ሕዝብ ሲስቅ አይቼ ነበር ብዬ ብጽፍ ማን ያምነኛል? ጋሽ አስናቀ መስመሩ ዳር ቆመው ፊሽካቸውን አፋቸው ውስጥ አድርገዋል፤ ግን አልነፉም። የሚያስቆሙት ነገር አልነበረም።

ጨዋታው ሲያልቅ ኃላፊው ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ግሩም ነው፤ ግሩም ነው። ግን የመኪና ማቆሚያም ችግር አለ…» ብለው ጀመሩ።

እትዬ ብርቄ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ቤትህ የት ነው?»

«ብስራተ ገብርኤል ነበርኩ። አሁን እዚሁ ጎፋ ኮንዶሚኒየም ገብቻለሁ።»

«ዕድር ገብተሃል?»

«ገና ነኝ፣ እናቴ።»

«እንግዲያ ስማኝ። ሰፈሩ ውስጥ ድንኳን የሚዘረጋበት ቦታ የቀረው ይሄ ነው። እዚህ መኪና ካቆምክበት አንተን የት እናልቅስህ? ደረጃ ላይ?»

ኃላፊው ሜዳውን ዞረው አዩት። ደረጃውንም አዩት። ከዚያ «ሜዳው ይቆይ» አሉ። ሊሄዱ ሲሉ ደግሞ ዕድር ለመግባት ማንን ማነጋገር እንዳለባቸው ጠየቁ።

ሕዝቡ ከሄደ በኋላ ጋሽ አስናቀ ኮታቸውን ለብሰው ተቀመጡ። «ስንት ጨዋታ ፈጠርኩ» አሉ። «ሜዳዬን ያዳናት ግን የለቅሶ ድንኳን ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የቁጣው ሰዓት ደረሰ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ያቺ ግጥም ገብታኛለች» አሉኝ። «ቀጣዩን በለኝ።»

ቀጣዩን እንዳልጨረስኩ ነገርኳቸው። እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ቢሮ ስገባ «እሺ፣ አለቀች?» ይሉኛል። በሕይወት ያለ ሰው ሙሾውን በየቀኑ ሲጠይቅህ እንዴት እንደሚያስጨንቅ እግዚአብሔር ያሳያችሁ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጋቢ ኳስ አለ። ኳሷ የምታድረው እትዬ ብርቄ ቤት ነው፤ እሳቸው ካልመጡ ጨዋታ የለም። ያለ ጡሩምባ ደግሞ የሚወጣ ሰው ስላልተገኘ ዕድሩ ተሰብስቦ ወሰነ፦ አንድ ጊዜ ከተነፋ ለቅሶ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከተነፋ ኳስ ነው። እኔ ከጡሩምባው እንድርቅ ተደርጓል፤ የሚነፉት ጋሽ ጉደታ ናቸው። ጋሽ ጉደታ ደግሞ በሁለቱ መካከል ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ ትንሽ ይቆያሉ።

ያቺ ትንሽ ጊዜ ታስፈራለች። የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ ሰፈሩ በሙሉ ባለበት ይቆማል፤ እጁ በር ላይ፣ ማንኪያው አፉ አጠገብ። ሁሉም የተቀየመውን ሰው ያስባል። እትዬ ብርቄ በዚያች ቅጽበት ስንቱን ሰድበው እንዳልታረቁ ይቆጥራሉ፤ ሰሞኑን አፋቸው ለስለስ ያለው ለዚህ ነው ይባላል። ጭንቀቴን ብቻዬን ስሸከም ኖሬ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ማዕዘኑን የሚይዝልኝ ሰፈር አገኘሁ። ሁለተኛዋ ስትነፋ ሁሉም ይተነፍሳል፤ ጋቢውን ይዞ ይወጣል።

በመጀመሪያዋ ጡሩምባ የሚወጡት ጋሽ አስናቀ ብቻ ናቸው። ቱታቸውን ለብሰው፣ ኖራቸውን ይዘው፣ ጸጥ ባለው ሰፈር መሀል እየተራመዱ ያልፋሉ።

«ሁለተኛዋን አይጠብቁም እንዴ፣ ጋሼ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ምን ያስጠብቀኛል?» አሉ። «እኔ ከሆንኩማ አልቅሳችሁልኛል።»